አራት ሴንቲ አመድ

«አራት ሴንቲ የት ገባ?»

«እኔ በላሁት እንዴ ዶክተርዬ?»

«ጋሽ ጎማ፣ አትቀልድብኝ። ይሄ ረድፍ ከመሬት ሲወጣ አንድ ሜትር ነበር፤ እዚሁ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። አሁን ስለካው ዘጠና ስድስት ሆነ። አራት ሴንቲው የት ገባ ነው የምልህ!»

«ድንጋይም እንደ ሰው ሲያረጅ ያጥር ይሆናላ። እኔስ ራሴ ሥራ ስጀምር ከዚህ ረዘም እል አልነበር?»

ዶክተሯ አልሳቀችም። ሜትሩን ጣለችና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ዘጭ ብላ ዓይኖቿን በሁለት ጣቷ ጨመቀች። ከጠዋት ጀምሮ ስትለካ ነው የዋለችው። ጉልበቷ ላይ ነጭ አቧራ፣ ፀጉሯ ላይ ነጭ አቧራ፣ አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለችው አጉሊ መነጽርም አቧራ። ሲያዩዋት ወፍጮ ቤት የዋለች ነው የምትመስለው።

ጋሽ ጎማ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት እህቱና የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ጎማ ነው የሚለው፣ የውሃ ጎማ ከእጁ ተለይቶ ስለማያውቅ። ሥራው ድንጋይ ማጠብ ነው። አትሳቁ፣ ሥራ ነው። መሰርሰሪያ ማሽኑ መሬቱን ወደ ታች ይበሳና እንደ ክንድ የወፈረ የድንጋይ ዱላ እየመዘዘ ያወጣል። ዱላው ጭቃ ተለቅልቆ፣ ተሰባብሮ፣ ሳጥን ተሞልቶ ይመጣል። ጋሽ ጎማ ያጥበዋል፣ በተራ ይደረድረዋል፣ ከዚያ እህቱ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ነች፣ ሳጥኑ ላይ «ታጥቧል» የምትል ወረቀት ለጥፋ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች። እሱ ይፈርማል፣ እሷ ከጎኑ ትፈርማለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው። አዳራሹ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ስምንት መቶ ሳጥን።

«እሺ፣» አለች ዶክተሯ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «በዚህ ድንጋይና በዚያኛው መሀል ምን ነበር?»

«ጭቃ።»

«ምን ዓይነት ጭቃ?»

«ነጣ ያለ። ሳሙና የመሰለ፣ እጅ ላይ የሚያሟልጭ። እልኸኛ ጭቃ ነው እሱ። ግን እኔ ማን ነኝ? የጎማውን አፍ በአውራ ጣቴ ጠበብ አደርግና ሽሽሽ! እንደ ወተት እየሆነ የፍሳሽ ቱቦው ውስጥ ጥርግ። ከዚያ ደግሞ ድንጋዮቹን ገፋ ገፋ አድርጌ አጋጥማቸዋለሁ። ክፍተት አልወድማ! ፍንጭት ጥርስ ይመስላል።»

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችው። «ስንት ጊዜ?»

«ምኑ?»

«እንደዚህ ያለውን ጭቃ ስንት ጊዜ አጠብከው?»

ጋሽ ጎማ ደረቱን ነፋ። «ኧረ ስንቱን! ባገኘሁበት ሁሉ ነዋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ አላመለጠኝም!»

ይሄኔ ዶክተሯ መሳቅ ጀመረች። የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ መሀል ላይ ሳል እያቋረጣት ሳቀች ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ጋሽ ጎማ፣» አለችው፣ «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት እሱን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተሯ የድንጋይ ተመራማሪ ነች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለመሥሪያ ቤቱ «እነዚህ ድንጋዮች ውስጥ የጥንት እሳተ ገሞራ አመድ አለ» ብላ ጻፈች። አለ ያለችው አመድ ግን አልታይ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ደግሞ ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት ነው፤ አዳራሹ ሲገባ ውሃ እንዳይነካው በእግሩ ጣት ነው የሚራመደው፣ ልክ እንደ ድመት። ዓይኑ ያለው አዳራሹ ላይ ነው። መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ይፈልጋል። በቃ፣ ደብዳቤ ጻፈ። እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት አንድ የአመድ ንጣፍ ካልታየ መጋዘኑ ይዘጋል፣ ድንጋዩ ተጭኖ ከከተማ ውጭ ያለው ገደል ይሞላበታል፣ ሠራተኛውም ወደየቤቱ። ይሄን ሲያወሩ ማክሰኞ ከሰዓት ነው።

«አመድ ነው አልሽ?» አለ ጋሽ ጎማ፣ እሱም ባልዲ ገልብጦ ፊት ለፊቷ እየተቀመጠ። «አመድ ድንጋይ ውስጥ ምን ይሠራል? ድንጋይ ውስጥ እሳት ይነዳል እንዴ?»

ዶክተሯ ጉልበት አልነበራትም፣ ግን ነገረችው። ከመለካት መናገር ይሻላል ብላ ይሆናል።

«ድሮ፣ ድሮ ስልህ ሰው የሚባል ሳይኖር፣ ይሄ የተቀመጥክበት ቦታ ባህር ነበር። ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል አይተህ የለ?»

«አይቻለሁ። እሱንም አጥቤዋለሁ።»

«አውቃለሁ። እና ከዚህ በጣም ርቆ አንድ ተራራ ፈነዳ። አመዱን ነፋስ ተሸክሞት መጣና ባህሩ ላይ ዘራው። አመዱ ቀስ እያለ ሰጥሞ ታች ወለሉ ላይ እንደ አንሶላ ተነጠፈ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዕድል ነው። ውሃው ጥልቅ ካልሆነ ማዕበል ይበጠብጠዋል። ታች ትል ካለ ደግሞ ትሉ ሲቆፍር ሲምስ ከጭቃው ጋር ያቦካዋል፣ አመድ የሚባል ነገር መኖሩም አይታወቅ። ቦታው ጸጥ ያለ ከሆነ፣ አየር የሌለው፣ ትል የማይኖርበት፣ ያኔ አመዱ እንደወደቀ ይቀራል። ላዩ ላይ ጭቃ እየዘነበ ያለብሰዋል። ጭቃው በስንት ዘመኑ ድንጋይ ይሆናል። አመዱ ግን እንደ ሸክላ አፈር ይለሰልሳል። ውስጡ ጥቃቅን ክሪስታል አለች፣ እሷ አትቀየርም። እሷን ላቦራቶሪ ስናስገባት ተራራው መቼ እንደፈነዳ ትናገራለች። ከላይና ከታች ያለው ድንጋይ ዕድሜውም በእሷ ይታወቃል።»

«እና ትልቁ ነገር…»

«ትልቁ ነገር ማንም አይንካው ነው። በቃ። እንደተኛ መተው።»

ጋሽ ጎማ ወደ ቱቦው አየ። ያ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት ማዕበል ያልነካው፣ ትል ያልበላው፣ እሱ በአውራ ጣቱ ጠበብ አድርጎ ሽሽሽ። ፊቱ ራሱ አመድ መሰለ።

«እናቴ ደግሞ ‹እጅሽ አመድ አፋሽ ነው› ትለኝ ነበር፣» አለች ዶክተሯ እየተነሳች። «አመዱንም አላፈስኩ። በል ና፣ ያልታጠበ ካለ እንይ። መዝገቡ ላይ ከሦስት መቶ አንድ እስከ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ያሉት አሥራ ሁለት ሳጥኖች መደርደሪያ ላይ የሉም። የት ናቸው?»

ጋሽ ጎማ ጎማውን መጠቅለል ጀመረ።

«እነሱማ… ምስጥ በላቸው።»

«ድንጋዩን?»

«ሳጥኑን! ሳጥኑን በላውና ድንጋዩ ተበታተነ። ጣልነው።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ያላት። ዶክተሯ ሌላ ሳጥን ጎተተች።

አሥራ ሁለቱ ሳጥኖች የት እንዳሉ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የሚተኛባቸው እሱ ነዋ! ከመጨረሻው መደርደሪያ ኋላ ጥግ አለች፣ በሸራ የተጋረደች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እነዚያ ሳጥኖች የመጡ ዕለት ውሃ ጠፍቶ ነበር። ጋሽ ጎማ ነገ አጥባቸዋለሁ ብሎ እዚያ ጥግ አራቱን በአራቱ ላይ፣ አራቱን በእነሱ ላይ ጫነና ልኩን ለማየት ጋደም አለ። ቁመቱ ልክ ገባ። ከዚያ በኋላ ማን ያነሳቸዋል? «ታጥቧል» የሚሉትን ወረቀቶች ከእህቱ ተቀብሎ ራሱ ለጠፈባቸው፣ መዝገቡ ላይም ፈረመ፣ እህቱም ፈረመች። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ ለግማሽ ሰዓት እዚያ ይሰወራል። አንድ የብርድ ወቅት ላይ ደግሞ ሰማያዊ መስመር ያላት ግራጫ ብርድ ልብስ ታጥፋ ሳጥኑ ላይ አገኘ። ያኔ ጡረታ የወጣው ዘበኛ ትቶልኝ የሄደው ነው አለና ተጠቀለለባት። ይቺ ብርድ ልብስ በአሥር ዓመት አንድ ቀን አልሸተተችም። እንዲያውም አንዳንዴ ሳሙና ሳሙና ትላለች። ጥሩ ዕቃ ድሮ ቀረ ይላል በሆዱ፣ ከዚያ ጭልጥ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ሲያወርዱና ሲያወጡ ዋሉ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ዶክተሯ ትለካለች፣ ጋሽ ጎማ ይሸከማል። እዚህ ሦስት ሴንቲ ጎደለ፣ እዚያ ሁለት፣ እዚያ አምስት። ሁሉንም ውሃ በልቶታል። ዶክተሯ የድንጋዩን ጫፍ በምላሷ ትነካና በጥርሷ ቅርጭጭ ታደርጋለች፣ ከዚያ ራሷን ትነቀንቃለች። ባለሙያ ነች፣ አመድ አፍ ውስጥ ሲገባ ይታወቃል ትላለች።

እህቱ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛዋ ሆና አየቻት። «ዶክተር፣ ቁርስ ሳትበይ ነው እንዴ የወጣሽው?»

«በልቻለሁ እትዬ።»

«አይ፣ ድንጋይ ስትልሺ አይቼ ነው።»

እህቱ እንዲህ ነች። ወፍራም መነጽር፣ ቀጭን ምላስ። ወንድሟን እዚህ ሥራ ያስገባችው እሷ ነች። «ወንድሜ ይሰንፍ ይሆናል፣ ግን አይዋሽም» ብላ ምላ ነው ያስገባችው። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል። እቤት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ እሷ ባሏን ቀብራ፣ እሱ ሳያገባ ቀርቶ።

ለምሳ ከአዳራሹ ውጭ ጥላው ሥር ተቀመጡ። ጋሽ ጎማ ሁለት ጉርሻ ወስዶ ተወው። ወገቡ ተቆርጧል። ተናገር ይለዋል አንዱ ልቡ። አሥራ ሁለት ያልታጠበ ሳጥን አለ በል፤ አመዱ ካለ እዚያ ነው ያለው። ሌላው ልቡ ደግሞ ፊርማህ ጎን የማን ፊርማ አለ ይለዋል። እሱስ ቢባረር የሰው ግቢ ያጥባል። አራት ወር የቀራት ሴትዮ ግን ያላየችውን አየሁ ብላ ፈረመች ሊባል? ዝም ቢል ደግሞ ነገ ሁሉም እኩል ይወጣሉ፣ ዶክተሯ ከነሳሏ።

«ምነው ምግቡን ታየዋለህ? ያመልጥሃል እንዴ?» አለች እህቱ።

«እትዬ፣ መዝገቡ ላይ ስትፈርሚ… ሳጥኑን ታዪዋለሽ?»

«አንተን አያለሁ።»

«እሱማ። ሳጥኑንስ?»

የምሳ ዕቃዋን ከድና በነጠላዋ ጫፍ መነጽሯን ጠረገች። «ደክሞሃል ልጄ፣» አለችው። ከእሱ በስድስት ዓመት ነው የምትበልጠው፣ ግን ሲደክመው ልጄ ነው የምትለው። «ሂድና ጋደም በል። እስክትመጣ ዶክተሯን እኔ አግዛታለሁ።»

ጋደም አላለም። ከምሳ በኋላ ሳይተኛ ሲቀር ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ዶክተሯ የመጨረሻዎቹን መደርደሪያዎች ስትለካ፣ ጋሽ ጎማ ሸራውን ገልጦ ጥጉ ገባ። ብርድ ልብሷን አነሳ። እንደገና ሳሙና ሸተተችው፤ ዛሬ ለዚህ ጊዜ አልነበረውም። የላይኛውን ሳጥን ክዳን በመፍቻ ነቀለ። ድንጋዩ የአሥራ አንድ ዓመት ደረቅ ጭቃ ለብሶ ቁጭ ብሏል። በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ጥቁር ድንጋይ። ወደ ታች ፋቀ። ጥቁር። የታችኛውን ሳጥን ሳበ፣ ወገቡ እየጮኸ። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ከዚያ በሁለት ጥቁር ድንጋይ መሀል አውራ ጣት የምታህል፣ ነጣ ያለች፣ ቀጥ ያለች መስመር። ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ዳበሳት። አሟለጨችው። ያቺ እልኸኛ ጭቃ!

ጋሽ ጎማ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዴ ብቻ ውሃ ቢለቅባት ትጠፋለች፣ ማንም አያውቅ። ጎማው ደግሞ እጁ ሥር ነው። አየው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎማ አስጠላው። መቼስ ያቺ መስመር ስንት ዘመን ችላ ተኝታለች፣ እሱም አሥራ አንድ ዓመት ላይዋ ላይ ተኝቷል፣ አብረው የኖሩ ናቸው።

«ዶክተር!» አለ። ደገመው። «ዶክተርዬ! ነይ፣ ምስጥ ያልበላው አገኘሁ!»

ዶክተሯ መጣች፣ ተንበረከከች። አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ደቅና ትንፋሿን ዋጠች። የመስመሯን ጫፍ በጥፍሯ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረች፣ በጥርሷ ቅርጭጭ አደረገች። ከዚያ ግንባሯን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አስደግፋ እንደዚያው ቀረች። አለቀሰች ብዬ እንዳልል አላለቀሰችም። ደክሟት ነው።

«ከላይና ከታች ያለው ድንጋይ ጥቁር ነው፣» አለች፣ ለራሷ ይመስላል። «አየር ያልነበረው ወለል። ትል የለም። አንድም ነገር አልነካትም።» ከዚያ ቀና ብላ ብርድ ልብሷን አየች። የትራስ ቅርጽ ያወጣውን ጆንያ አየች። ጋሽ ጎማን አየች።

«አትጠይቂኝ፣» አላት።

«አልጠይቅህም።»

የሚጠይቀው ግን በእግሩ ጣት እየተራመደ መጣ። ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። ዋናው ኃላፊ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ዶክተሯ የምታሳየውን መስመር ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄ ነው? ይቺ?»

«ይቺ ነች።»

«ለዚች ነው ሁለት ዓመት?»

«ስንት ሚሊዮን ዓመት ነው እንጂ።»

ኃላፊው ከንፈሩን ነከሰ። ሰው ፊት የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ ምን ያድርግ? «እሺ። ቃሌ ቃል ነው። መጋዘኑ ይቆያል።» አለና ሊሄድ ሲል ሳጥኑ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ዓይኑ ገባች። ጎንበስ ብሎ አነበባት። «ቆይ ቆይ። ይሄ ታጥቧል ይላል።»

ጭቃውን በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይሄ የታጠበ ነው? ጭቃው እንዳለ ነው እኮ!» የሚቀጥለውን አየ። ታጥቧል። የሚቀጥለውን። ታጥቧል። ከዚያ ብርድ ልብሷን በእግሩ ጫፍ ገለጥ አደረጋት። «እና ይሄስ ምንድነው? አልጋ ነው?»

«የእኔ ነው፣» አለ ጋሽ ጎማ። ከጀመረ አላቆመም። «እኔ ነኝ። አላጠብኳቸውም። አሥራ አንድ ዓመት ተኝቼባቸዋለሁ። ታጥቧል ያልኩት ውሸት ነው፣ ምስጥ በላው ያልኩትም ውሸት ነው።»

«ባይተኛበት ኖሮ ይቺ አትገኝም ነበር፣» አለች ዶክተሯ።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የሐሰት መዝገብ ነው ይሄ!» ኃላፊው ዞረ። እህቱ መዝገቧን ደረቷ ላይ ታቅፋ ከመደርደሪያው ጎን ቆማለች፣ ማን እንደጠራት አይታወቅም። «እርስዎ ነዎት የፈረሙት። ከእሱ ጎን፣ አሥራ ሁለቱም ላይ። ሳያዩ ነው የፈረሙት?»

«እሷ ምንም አታውቅም!» ጋሽ ጎማ መሀል ገባ። እጁን ዘርግቶ፣ እህቱን ከኃላፊው የሚጋርድ ይመስል። «እኔን አምና ነው። እህቴ እዚህ ጥግ እግሯ ረግጦ አያውቅም፣ በእናቴ ስም እምላለሁ! እኔ ነኝ ያታለልኳት! እሷ የት ታውቃለች…»

እህቱ መነጽሯን አወለቀች። በጣም የደከማት መሰለች። ጎንበስ ብላ ብርድ ልብሷን ከመሬት አነሳች፣ የኃላፊው ጫማ የነካውን ጫፍ እያራገፈች በአራት አጠፈቻት።

«አንተ ዝም በል፣» አለችው። «ይሄን ብርድ ልብስ በየወሩ ማን የሚያጥብልህ መስሎህ ነው?»